ባያወጣንም

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ታሪክ ከባቢሎን ይነሣል፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ብዙ ይቆያል፣ ከዚያ ሐዋሳ ይገባል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ያልደረሰ ካለ ልንገረው። ገና በዋዜማው ከተማው ይጨናነቃል። ከአዲስ አበባ፣ ከሻሸመኔ፣ ከይርጋለም፣ ከዲላ የመጣው ምእመን አልጋ ያገኘው አልጋው ላይ፣ ያላገኘው በቅጥሩ ዙሪያ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ሲነጋ ታቦቱ ይወጣል፤ እልልታው ይቀልጣል። ስለቱ የሰመረለት ሰው ያስታውቃል። ጥላ ይዞ የመጣ አለ፤ ጧፍና ዕጣን የያዘ አለ፤ መካን ስትባል ኖራ ዛሬ ልጇን አዝላ የመጣች አለች። በደስታ ታለቅሳለች፤ ያያት ሁሉ አብሯት እልል ይላል።

እኔ የማስበው ግን ከኋላዋ ስለ ቆመው ሰው ነው። አምና እዚሁ ተንበርክኮ ተስሏል፤ ልጁን እንዲምርለት ለምኗል። ልጁ አልተረፈም። ዘንድሮም መጥቷል፤ እጁ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየበዓሉ አለ፤ ድምፁን ስለማያሰማ አናየውም። ምን ብሎ መጣ? በምን አንጀቱ መጣ? ይህን ትረካ የምተርከው ለእሱ ነው፤ ሌሎቻችሁ አብራችሁ ስሙ።

መቼም የዕለቱን በዓል ታውቁታላችሁ፤ ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያወጣቸው የሠለስቱ ደቂቅ መታሰቢያ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር በዱራ ሜዳ ላይ ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቆመ። መለከቱና እንቢልታው ሲሰማ ሹሙም ተራውም በግንባሩ ይደፋ ብሎ አዋጅ ነገረ። መለከቱ ተነፋ፤ ሜዳው በሙሉ ተደፋ። ሦስት ወጣቶች ቆመው ቀሩ፤ አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል። ከኢየሩሳሌም ተማርከው የመጡ፣ አገራቸው የወደመባቸው፣ ቤተ መቅደሳቸው የተዘረፈባቸው ልጆች ናቸው። ንጉሡ አስጠራቸው። አሁንም ዕድል አላችሁ፤ ስገዱ፤ ካልሆነ ያ እቶን ይጠብቃችኋል፤ ከእጄ የሚያስጥላችሁ አምላክ የትኛው ነው? አላቸው።

ይኼኔ ነው ጆሯችሁን የምፈልገው። ልጆቹ አምላካቸው ከእሳቱ ሊያወጣቸው እንደሚችል ተናገሩ። በዚህ ብቻ ቢያበቁ ኖሮ ንግግራቸው የስለት ንግግር ይሆን ነበር። እነሱ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ ባያወጣቸውም እንኳ ንጉሡ ይወቀው፣ ለምስሉ አይሰግዱም።

ባያወጣንም! ይህ ሲነገር መልአኩ ገና አልወረደም። እቶኑ ሰባት እጥፍ እንዲነድ ሊታዘዝ ነው፤ እጃቸው ሊታሰር ነው። እግዚአብሔር ምን እንዳሰበ አንዳቸውም አያውቁም። እኛ ታሪኩን ከመጨረሻው ስለምናውቀው ቶሎ ብለን ወደ መልአኩ እንሮጣለን፤ ሥዕሉም ላይ የምናየው እሳቱ መካከል ክንፉን ዘርግቶ ነው። እነሱ ግን የቆሙት ከሥዕሉ በፊት ነው። ያ ባዶ እጁን የመጣው አባት የቆመውም እዚያው ነው። ስለዚህ በዓሉ የእሱም ነው፤ እንዲያውም የንግግሩን ግማሽ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ባቢሎንን እንተወውና ወደ አገራችን እንምጣ።

በ1920 ዓ.ም. ሐዋሳ የምትባል ከተማ የለችም። ሐይቁ አለ፤ የሲዳማ ከብት አርቢ አለ፤ ዳርቻው ሣርና ግራር ነው። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በበቅሎ ወደ ደቡብ የሚወርድ አንድ የሚሲዮናውያን ቡድን ነበር። መሪው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነው። እነዚህ ሰዎች ካርታቸውን ዘርግተው የመረጡት ቦታ ጅማ ነበር። አልሆነም። መንገዱ ሌላ ቦታ አደረሳቸው፤ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶ፣ ሲዳማ። ያላሰቡት አገር የሥራቸው አገር ሆነ። ሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን የተባለው ማኅበር ደቡብ ላይ የተተከለው በዚህ ዓይነት ነው፤ የዛሬዋ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም ሥሯ እዚያ ነው።

ሥራው ግን አዝጋሚ ነበር። ክሊኒክ ከፈቱ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ ሰበኩ። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሠርቶ 10 ሰው! ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን መጣ። አዲስ አበባ ተያዘች፤ ቀጥሎ ደቡቡ ተያዘ። ወራሪው የውጭ አገር ሚሲዮናውያኑን አልፈለጋቸውም፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ።

በዚያች ቀን የቀረው ምን ነበር? የተጠመቁ 48 ሰዎች። በወላይትኛ የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ የመጽሐፍ ክፍሎች። ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። ሚሲዮናውያኑ በኋላ እንደ ጻፉት፣ የመጨረሻውን መታጠፊያ ዞረው ወደ ኋላ ሲያዩ ያቺ ጭላንጭል የሚመጣውን ማዕበል ትችለው ይሆን ብለው ሠግተዋል። ማን ይፈርድባቸዋል? ማንኛውም አስተዋይ ሰው ሒሳቡን ቢሠራው መልሱ አንድ ነው፤ ነገሩ አለቀ።

ማዕበሉም መጣ። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ። መሪዎቹ ተለቅመው ታሰሩ። ዋንዳሮ የሚባሉ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ የሆኑ ሰው በአደባባይ ተገረፉ፤ ወህኒ ወረዱ። ቶሮም እንዲሁ ተገረፉ። ባሎች ከሚስቶች ተለዩ፤ እርሻው ጦም አደረ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም የታሪኩ ልብ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ነው። በዚያ ዘመን እስር ቤት እስረኛ አይቀልብም፤ ዘመድ ስንቅ ካላመጣለት ይራባል። ዘመድ የራቀው፣ ወይም ዘመዱ የረሳው፣ ሌላው ሲበላ እያየ ይውላል። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ማመላለስ ጀመሩ። ተራ ገቡ። ከየመንደሩ፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ እንሰት የተረፈውም ያልተረፈውም አመጣ። ምግቡ ከታሳሪዎቹ አልፎ ስንቅ ለሌላቸው ለሌሎቹ እስረኞች ተረፈ። ሌባውም በላ፣ ባለ ደሙም በላ። እነዚያ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች፣ ይህን የሚያመጡት እነማን ናቸው? ለምን? ብለው ጠየቁ። መልሱን ሰሙ። ከእስር ሲለቀቁ ይዘውት ወደየቀያቸው ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ሰባኪ ደርሶ አያውቅም ነበር። ሚሲዮናውያኑ በበቅሎ ያልደረሱበት ቦታ በስንቅ ተደረሰ።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ከሚሲዮናውያኑ አንዳንዶቹ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው መጡ። ጨርሶ ጠፍቶ ይሆናል ያሉት ነገር ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሆኖ፣ 100 ያህል ጸሎት ቤት ሠርቶ፣ የራሱን ሽማግሌዎች መርጦ ጠበቃቸው። የወላይታ ወንጌላውያን ከዚያ በኋላ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማ በእግራቸው ወጡ። ዛሬ በሐዋሳ ጎዳናዎች እሁድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ከሚሄደው ሰው ውስጥ አያቱ ከእነዚያ ስንቅ አመላላሾች አንዷ የሆነች ስንቱ ይሆን?

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ቶሎ ይደመድማሉ፤ አያችሁ፣ ግርፋቱ ለበጎ ነበር ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ የአገሬው እጅ ላይ ስለ ወደቀች አደገች፤ ፈረንጅ የሚጠብቅ ስላልቀረ ሁሉም ሰባኪ ሆነ ማለት ይቻላል፤ እውነት ነው። ግን ይህ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ለሚያይ ሰው የተገለጠ ነው። ዋንዳሮ ጀርባቸው ሲተለተል 10 ሺህ የሚባል ቁጥር አልነበረም። የነበረው የሚበተን መንጋ ነው። ደግሞስ አለንጋው ከቁጥሩ ጋር እንዴት ይተመናል? እግዚአብሔር ስንት አማኝ በስንት ግርፋት እንደሚሰጥ የሚቆጥር ነጋዴ አይደለም። የዋንዳሮ እምነት ዋጋው በመከራው ቀን መታመናቸው ላይ ነው። በ1935 የታየው ባይታይም እምነታቸው እምነት ነበር።

ሐዋሳ ስንደርስ ከፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሽ እንቀመጥ። ከገብርኤል ተነሥቶ በሰፊው ጎዳና ቀጥ ብሎ የወረደ ሰው እዚያ ነው የሚያልቅለት። ሐይቁን እዩት። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን ዙሪያውን ብትሄዱ አታገኙም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በፀሐይ እየተነነ፣ ጨው እየተጠራቀመበት መምረር ነበረበት፤ ጎረቤቶቹ ሻላና አቢያታ ጨዋማ ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ግን ለስላሳ ነው፤ ዓሣው ይረባበታል፤ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶና አምባዛው በየጠዋቱ ይወጣል። ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች ውኃው ከመሬት በታች እየሰረገ መውጫ እንዳለው ይናገራሉ። ዓይን የሚያየው የተዘጋ ነው፤ ውኃው ግን መንገድ አለው። ስለ እግዚአብሔር ጥበብ ሳስብ ከዚህ የተሻለ ምስል አላገኘሁም።

ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን ሰዎች ነበሩ። በክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያዘጋጁ ነበር። ከየአቅጣጫው ተማሪዎች ይመጣሉ። ቻቻ ኦማሄ የሚባል ኬንያዊ ወንጌላዊም ሐዋሳ መጥቶ ሰበከላቸው። ወጣቶቹ የሐዋሳን ክረምት ይዘው ወደየመጡበት ተመለሱ፤ በሌሎች ከተሞች ከተነሡ የተማሪ ኅብረቶች ጋር ተቀላቀሉ። ሙሉ ወንጌል የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ስትወለድ ከምንጮቿ አንዱ ይህ የሐዋሳ ክረምት ነው። የሚሲዮኑ ሥራ ራሱ በኋላ ሕይወት ብርሃን የምትባለዋን ቤተ ክርስቲያን አፍርቷል።

እነዚያ ወጣቶች በሩ የሚከፈትላቸው መስሏቸው ነበር። በ1959 ዓ.ም. እንዲመዘገቡ መንግሥትን ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ጸሎት ቤታቸው ተዘጋ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ የተሰበሰቡ 250 ያህል ሰዎች ታሰሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡ ወረዱ፤ አብዮት መጣ። የሃይማኖት እኩልነት ሲታወጅ እልል አሉ። እልልታው ሳይበርድ ደርግ ከፊተኛው ይልቅ ጨከነባቸው። ሕንፃዎች ተወረሱ፤ ጴንጤ የተባለ ሁሉ ከሥራውም ከትምህርት ቤቱም ይፈለግ ጀመር። ያኔ ቡና የጠሩ መስለው፣ የልደት ድግስ ያለ መስለው፣ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተሰበሰቡ፤ መዝሙሩን በሹክሹክታ ዘመሩ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ ደርግ ወድቆ በሯ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆና ወጣች። የወላይታው ነገር ተደገመ።

ግን ትረካውን እዚህ ላይ ባቆመው ያ ባዶ እጁን የቆመው አባት ይታዘበኛል። የሁሉም ታሪክ በ30 ሺህ አያልቅም። ስለዚህ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ልንገራችሁ።

ቄስ ጉዲና የወለጋ ሰው ናቸው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ እዚህ ሲዳማ ውስጥ ብዙ ምእመን አላት፤ ታቦር የሚባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቷም ሐዋሳ ላይ ነው። ደርግ ሲከብዳቸው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻቸላቸው፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊቀበሏቸው ፈቃደኛ ነበሩ። እምቢ አሉ። መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኡራኤል ከሚገኘው ጸሎት ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰጥተው ሲወጡ ተያዙ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው ቤተሰብ የለም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በቀጣዩ ዓመት ታሰሩ። ተገረፉ፤ ተሰቃዩ። አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተፈቱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለቤታቸው ይሙቱ ይኑሩ የነገራቸው የለም። ደርግ ወድቆ፣ አስከሬኑ ተፈልጎ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው በክብር የተቀበረው። ቄስ ጉዲና በተያዙበት ዓመት ተገድለው ኖሯል።

እቶኑ ውስጥ መልአክ አልወረደላቸውም። ወይም እኛ ባላየነው መንገድ ወርዷል፤ እሱን እሳቸው ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ወይዘሮ ፀሐይ እስከ ዕለተ ሞታቸው እምነታቸውን እንዳልጣሉ ነው። ያጸናቸው ማብራሪያ አይደለም፤ ማብራሪያ የሰጣቸው የለምና። የሚያምኑትን ስላወቁት ነው የጸኑት። አንድ ሰው አባቱን ካወቀው፣ አባቱ ዝም ያለበትን ቀን ከሌሎቹ ቀኖች ጋር አስታርቆ ይሸከመዋል። ይህ አእምሮን መጣል አይደለም። የወይዘሮ ፀሐይን ያህል ለምን ብሎ የጠየቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ የጠየቀ፣ ያለ ይመስላችኋል? ጠይቀው፣ መልስ ሳያገኙ፣ ጸንተው ተገኙ።

ኢዮብም እንዲሁ ነው። ልጆቹን ቀብሮ፣ ገላው ቆስሎ አመድ ላይ ሲቀመጥ ሦስት ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ! ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምክንያት መደርደር ጀመሩ። ኃጢአት ሠርተህ ነው፤ ልጆችህ በድለው ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር ሲናገር የተቆጣው እነዚህን የእሱ ጠበቃ ነን ባዮችን ነው። ሲከራከረው የኖረውን ኢዮብን ግን አገልጋዬ አለው። ለኢዮብም ቢሆን የመከራውን ምክንያት አልነገረውም፤ ምድርን ሲመሠርት የት እንደ ነበረ ጠየቀው እንጂ። ኢዮብ ያገኘው መልስ የእግዚአብሔርን ድምፅ ነው፤ በቃውም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ዛሬ ማታ ለቅሶ ቤት የምትሄዱ አላችሁ፤ በዚህ ከተማ ለቅሶ የሌለበት ማታ የለም። ስትሄዱ ስንቅ ያዙ፤ እንደ ወላይታዎቹ ለጎረቤቱም የሚተርፍ አድርጋችሁ ያዙ። እግዚአብሔር ያጥናችሁ በሉና ተቀመጡ። ለበጎ ነው የምትለዋን ቃል ሐዘንተኛው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ አፍ ያውጣት፤ አትቅደሙት። እግዚአብሔር ለምን እንዳደረገው ቢጠይቃችሁ አላውቅም በሉት፤ እውነቱ ይህ ነው። ሠልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲበተን ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ።